እማየ ጀልባ የተሳፈረች ዕለት

ለውዱ ወንድሜ ለዛኪር አብዱልሐሊም፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬ ከመርሳ ተነሥቶ የሐራን ሜዳ ይሻገር፣ የአፋርን በረሃ ይለፍ፣ ያንንም ባሕር በአላህ ጥበቃ ተሻግሮ አንተ ካለህበት ደጃፍ በደህና ይግባ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ባለፈው በስልክ ያማረርክበት ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሳትበላ ነው ሥራ ላይ የምትውለው? ባለቤትህ ሂክማስ እንዴት ናት? ትንሿ ሰልማ በእግሯ መሄድ ጀመረች ወይ? እማየ የላክኸውን ፎቶ አይታ «አፍንጫዋ የእኔ ነው» እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባየ ሳሉ አልለቅ አላቸው እንጂ ደህና ናቸው። ዝናቡ እስከ መስከረም ማብቂያ ስለቆየ ማሽላው ደግ ነው፣ የጓሯችን ማንጎም ማበብ ጀምሯል። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስህ መደንገጥህ አይቀርም፤ አትደንግጥ፣ ክፉ ነገር የለም። በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ይዤ ጥግ ስይዝ እማየ ጆሮዋን ታቆማለች። ድምፄን ቀድቼ ልላክልህ ስል ደግሞ ሁለት ቃል ተናግሬ አጠፋዋለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ ሚስባህ ለዑምራ ሊነሡ ስለሆነ በእሳቸው እጅ ይድረስህ ብዬ ነው። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። አሁንም ተደላድዬ ተቀምጬ የምጽፍ እንዳይመስልህ፤ ትንሽ እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ። አንድ ቦታ መርጋት ካቃተኝ ሰንብቷል።

ሐምሌ ላይ «ያ እንጨት ከግቢ ይውጣ፣ እማየን ልትገድሏት ነው ወይ» ብለህ የላክኸውን ሰምቼዋለሁ። መልስ ያልሰጠሁህ ንቄህ አይደለም። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው። ነገሩንም ከሰው አፍ ቆራርጠህ ነው የሰማኸው። ከሥሩ ልንገርህ።

ሚያዝያ ላይ ደምሴ፣ ያ የአይሱዙ ሹፌር ጎረቤታችን፣ ከሐይቅ ከተማ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ገበየሁ ይባላል፣ ዓሣ አጥማጅ ነው። መኪናው ላይ ሆዷ የተቀደደ የእንጨት ጀልባ ተጭናለች። እዚያ ጀልባ ይጠግኑ የነበሩት ሽማግሌ ሞተውበት ግራ ሲገባው፣ ደምሴ «እኛ ሰፈር አሰብ ወደብ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው አሉ» ብሎት ነው። አንተ ታውቃለህ፣ አባየ አሰብን በአፋቸው አያነሧትም ነበር። በሰማንያ ሦስት ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ በርና ሳጥን፣ አልጋና ወንበር የሚሠሩ አናጢ ናቸው፤ ስለ ባሕር ሲያወሩ የሰማ ልጅ ከመካከላችን የለም። ያን ቀን ግን መላጊያቸውን አስቀመጡና መኪናውን ዞሩት። የጀልባዋን ጎን ገበያ ላይ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ «አውርዷት» አሉ። 

እማየ በዚያው ቅጽበት ከጓዳ ወጣች። አልጮኸችም። ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች፣ ተመልሳ ገባች፣ ጥቂት ልብስ በፌስታል ያዘችና «ውርጌሳ እኅቴ ዘንድ ነኝ» ብላ ሄደች። ልከተላት ስል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ከለከለችኝ።

አንተ ከሩቅ ስለሆንክ ምናልባት የማታውቀው ነገር አለ። አንተና ወንድማችን ኡበይደላ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ተነሥታችሁ አንተ ብቻ የደረስክ ጊዜ፣ ሬሳ ሳይኖር ሰላተል ጋኢብ ሰግደን፣ ሰደቃውን አውጥተን፣ ሰዉ ከተበተነ ወዲህ፣ እማየ ባሕር የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም። የእኛን አገር ባሕር ዛፍ እንኳ «ያ ረጅሙ ዛፍ» ነው የምትለው። ማገዶ ሻጮቹ ለምደውላታል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖረችው። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ሴት ግቢ ውስጥ ነው አባየ ጀልባ ያወረዱት።

እኔም ተቆጥቼ ነበር። «አባየ፣ እማየ እኮ ሄደች» አልኳቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ «ትመለሳለች» አሉ። «ምን ብላ ትመለሳለች?» ብላቸው መጋዙን አቆሙ። «ስሚኝ ናጅዋ፣ ልጄን የበላው ጀልባ አይደለም። ጀልባ ያልሆነ ነገር ላይ ሰው እንደ ከረጢት የደራረበ ሰው ነው። እናትሽ ጀልባ አይታ አታውቅም። በሐሳቧ የሳለችው ጭራቅ ነው፣ እሱ ነው የሚያንገበግባት። ደህናውን አሳያታለሁ።» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እንዲህ ረዘም አድርገው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

መጀመሪያ ቆሜ አየሁ፣ ቀጥሎ መብራት ያዝኩ፣ ቀጥሎ መዶሻ አቀበልኩ። እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለበር ሥራ አያስታውቅባቸውም ነበር፤ የጀልባ መጋጠሚያ ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ አይወድም። ጥጥ በዘይት ነክረው እንደ ገመድ ይፈትሉና በሳንቃና በሳንቃ መካከል በመሮ እየጠቀጠቁ ያስገባሉ፣ ላዩን በሬንጅ ይዘጋሉ። አሰብ ላይ ቀልፋጥ ይሉት ነበር አሉኝ። መሮው ሲስትባቸው አንድ ቀን ዝም ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩት። አልከለከሉኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠቅጠቁ የእኔ ሥራ ሆነ። ወንድምዓለም፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሰውነቴ ያረፈው መሮና መዶሻ ስይዝ ብቻ ነው። ስተወው ወዲያው ልቤ ይባክናል፣ በር ላይ ወጥቼ የደሴን መንገድ አያለሁ፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ እኔን ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኛል።

የገበየሁ ጀልባ ተጠግና ሄደች። እማየም በዚያው ሰሞን ተመለሰች። ግን ገበየሁ በሥራው ተደስቶ አዲስ ጀልባ አዝዞ ኖሯል፤ ሲሪንቃ ያለው አጎታችን ማሳ ዳር የወደቀውን ዋንዛም ደምሴ ጭኖ አምጥቶ ነበር። እማየ ገብታ ግቢው መሐል የቆመውን የጀልባ የጎድን አጥንት አየችው። «አሁንስ እንዴት ልትሆን ነው» ስል «ቤቴ ነው፣ ስንቴ እሰደዳለሁ?» አለችና ጉልቻዋን ነቅላ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ክረምቱን ሙሉ ለጀልባዋ ጀርባዋን ሰጥታ ከረመች። ውሃ ስትቀዳ እንኳ በአጥሩ ጥግ ነበር የምታልፈው። ከአባየ ጋር ከሰላምታና ከ«ብሉ» በቀር ቃል አልነበራቸውም። እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስመላለስ ከረምኩ። ሱቋ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው የሺ ደግሞ በመጣች ቁጥር «ናጅዋ፣ ጎርፍ ይመጣል የሚል ወሬ ሰማችሁ ወይ? የኑህን መርከብ ስትጨርሱ ለእኔም ቦታ ያዙልኝ» እያለች ትስቃለች። እማየ ስትወጣ ግን የሺም ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች። አንተ «ይውጣ» ብለህ የላክኸው በዚያ ሰሞን ነው። እኔም ላወጣው ልቤ ተነሥቶ ነበር። አባየ ዘንድ ስሄድ ዋንዛውን እየላጉ ለብቻቸው ያወራሉ፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ «ወገቡ ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ?» ይላሉ። የእናንተን ጀልባ ነው የሚሉት። ሳልናገር ተመለስኩ።

ነሐሴ ላይ ዝናብ አባርቶ ስወጣ እማየን ጀልባዋ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋለች። አባየ ከወዲያ በኩል ናቸው፣ እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። «ይህ ስንት ሰው ይችላል?» አለች። «አምስት፣ ከበዛ ስድስት» አሏት። «የእነሱስ ስንት ጭኖ ነበር?» አለች።  ያንን የሚያውቅ ከአንተ በቀር የለም። እማየ እጇን አነሣችና ወደ ጓሮ ሄደች። በነጋታው ግን ጉልቻውን ወደ ቦታው መለሰችው።

እንግዲህ የጻፍኩልህ ከዚህ ቀጥሎ ስላለው ነው።

ጥቅምት ላይ ጀልባዋ አለቀች። ጠዋት ሰፈሩ ተረባርቦ ደምሴ መኪና ላይ ጫናት። አባየ ጋቢና ገብተው እኔ ጭነቱ ላይ ልወጣ ስል እማየ ለባብሳ መጣች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ጋቢና ገብታ ከአባየ አጠገብ ተቀመጠች። ውርጌሳን አልፈን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ሐይቅ እስክንደርስ እኔ ከላይ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጬ ነፋሱን እየዋጥኩ ነበር። ስንደርስ ገበየሁና ጓደኞቹ ተሸክመው አወረዷት። ገበየሁ አማተበና «አባቴ፣ እርስዎም እንደ ሃይማኖትዎ ይመርቁልን» አለ። አባየ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ አባየ ጎንበስ ብለው ውሃውን በመዳፋቸው ነኩት። እንደዚያ ሆነው ቆዩ።

መጀመሪያ አባየ፣ ገበየሁና እኔ ልንወጣ ነበር። እግሬን ሳነሣ እማየ ውሃው ውስጥ ገብታ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛለች። አባየ ቆጣ ብለው «ምን ልትሆኚ ነው?» አሏት። «የዛኪር አባት፣ ልጆቼ የገቡበትን ነገር እኔ ሳልገባበት ልሙት ወይ?» አለቻቸው። አባየ እጃቸውን ዘረጉላት። እኔ ከኋላ ደገፍኳት። መሐል ላይ ተቀመጠች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐይቁ መጀመሪያ እንደ ተወለወለ ሳህን ነበር። ገበየሁ ቀዘፈ፣ ዳሩ ራቀ፣ እማየ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ደህና ነበር። አባየ ከኋላ ሆነው ስለ ጀልባዋ ለገበየሁ ይነግሩታል፤ ድምፃቸው እንደ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ከመሐሉ ስንጠጋ ከተራራው በኩል ነፋስ ወረደ። ገበየሁ «የተለመደ ነው፣ አይዟችሁ» አለ፣ ግን ፈጥኖ ማዞር ጀመረ። ማዕበሉ በጎን መታን። ጀልባዋ ተነሥታ ስትወድቅ እማየ እጄን ልትይዝ ተንጠራራች፣ ልይዛት ተንጠራራሁ፣ አልተገናኘንም። እኔ ወደ አንድ ጎን፣ እሷ ወደ ሌላው። ይህን ሳይ ደግሞ እግሬን ውሃ ነካኝ። እኔ የጠቀጠቅኩት መጋጠሚያ ነበር፤ ውሃ እየገባ ነው።

ወንድምዓለም፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልጽፍልህም፣ አንተ ታውቀዋለህ። አባየ ግን ረጋ ብለው «ናጅዋ፣ ሻሽሽን ቅደጂና በተረከዝሽ ጠቅጥቂው፣ በእጅሽ ደግሞ ውሃውን ቅጂ» አሉ። ቀደድኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ተረከዜን ጫንኩበት፣ ገበየሁ ባስቀመጠው ጆግ እየቀዳሁ ደፋሁ። ያረቢ አንተው እያልኩ ደፋሁ። እማየ አልጮኸችም። በሁለት እጇ መቀመጫውን ይዛ እግሯ ሥር የሚመላለሰውን ውሃ ታያለች። ከዚያ ገበየሁን ጠየቀችው። «ልጄ፣ በዚህ ላይ ሃያ ሠላሳ ሰው ቢጭኑበትስ?» አለችው። ገበየሁ የእኛን ታሪክ አያውቅም፣ እየቀዘፈ ነው፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እማማ፣ እንዲያ የሚጭን ቀዛፊ አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው! በጀልባዋ ምን ይፈረዳል፣ በተሳፋሪውስ ምን ይፈረዳል?» አላት።

እማየ ወደ ኋላ ወደ አባየ ዞረች። «ሰሙ የዛኪር አባት?» አለች። አባየ «ሰማሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፊቷ በውሃ ርሶ፣ ዕንባዋ ይሁን ሐይቁ ሳላውቅ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ዛኪር የወንድሙን እጅ የለቀቀ ይመስለኝ ነበር። በዚህች ውሃ ላይ የአንቺን እጅ መያዝ አቃተኝ።»

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ። ወንድምዓለም፣ አንተም እዚህ ስትደርስ ተነሥ፣ ውጣ፣ ነፋስ ተቀበልና ተመለስ።

በደህና ወጣን። ዳር ስንደርስ እማየ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ጨመቀች። አባየ ጀልባዋን አስገልብጠው የእኔን መጋጠሚያ መረመሩ። «ጥጡን በዘይት በቅጡ ሳትነክሪ ነው ያስገባሽው፣ ቸኩለሻል» አሉኝ። እዚያው አውጥቼ እንደገና ሠራሁት። አልተቆጡም፣ ግን እስክጨርስ ከላዬ አልተነሡም። ገበየሁ በማግስቱ ብቻውን ሞክሯት «ጠብ የሚል የለባትም» ብሎ ላከብን። አሁን በእሷ ነው የሚያጠምደው። ባለፈው ሐሙስ በደምሴ እጅ ዓሣ ልኮልን እማየ በበርበሬ ጠብሳ በላች። ዓሣ ከሰባት ዓመት በኋላ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆኗል። እማየ ስለ ኡበይደላ ታወራለች። የሚያበሳጫትን፣ የሚያስቃትን፣ ከሐራ ገበያ ፍየል ነድቶ ሲመጣ መንገድ ላይ ለሌላ ሰው ሸጧት ስለመጣበት ቀን ሁሉ ታወራለች። ያወራችውን ስትጨርስ ግን መጨረሻው ላይ ትቆማለች፤ መጨረሻው እሷ ዘንድ የለም። አባየም መጠየቁን አልተዉም፣ «ወገቡ ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ፣ ሞተሩ የት ነበር፣ ዳር ታይቷችሁ ነበር ወይ» ይላሉ። እኔን ይጠይቁኛል፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ስትደውል እማየ ጤናህን ጠይቃ ስልኩን ቶሎ ለእኔ የምትሰጠኝ ተቀይማህ እንደሚመስልህ አውቃለሁ። ተቀይማህም ነበር። አልዋሽህም። አሁን ግን ከአንተ አፍ መስማት ትፈልጋለች። አታሳምርላት፣ አትደብቅባት። ሰው ነግሯት የማያውቀውን ስለምታስብ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተቃጠለችው።

የእኔንም ነገር ልንገርህና ላብቃ። በኮንትራት ወደ አንተ እንድመጣ የደከምክበትን አልረሳሁም። ፓስፖርቱ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ ሻንጣዬን በአንድ ቀን እዘጋ ነበር። አሁንም ከዚህ ልሂድ የሚለው ልቤ አልሞተም፤ የደሴ መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ዛሬም ብድግ እላለሁ። ግን ገበየሁና ጓደኞቹ ከክረምቱ በፊት ሁለት ጀልባ ይፈልጋሉ። የአባየ እጅ ከእንግዲህ መሮ አይችልም፤ የሚያውቁትን የሚያወርሱት ለእኔ ብቻ ነው። አንዱን በሐይቁ ዳር ሆነን እንድንሠራ ገበየሁ መጠለያ ሠርቶልናል። ስለዚህ ዘንድሮ አልመጣም። የሚቀጥለውን ዓመት አላህ ያውቃል። አትቆጣኝ። ብትቆጣም እኔው ላይ ይሁን፣ በእነሱ ላይ እንዳታሳብብ።

ለሂክማ ሰላም በልልኝ፤ እንደ እኅት እንደምወዳት ንገራት። ሰልማን ግንባሯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ሬንጅ ሬንጅ ትሸታለች በላት። አባየ ሰላም ብለውሃል፣ ጨጓራህን በአብሽ እንድታስታግሰው አደራ ብለዋል። የሺም ሰላም ብላሃለች፣ ደምሴም እንዲሁ፤ ሲሪንቃ ያለው አጎታችንና የውርጌሳዋ አክስታችን ዱዓቸው አልተለየህም።

እማየን «ምን ልበልልሽ?» ብያት ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ «ለዛኪር እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ደውል። ስልኩን ለናጅዋ አልሰጥም» አለችኝ።

እኅትህ ናጅዋ አብዱልሐሊም

መርሳ፣ ሀብሩ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.